የእማሆይ ግቢ አሁንስ እንዴት ነው? ልጅ ልታስገቡ ላሰባችሁ

ሰሞኑን ሦስት ሰው ያንኑ ጥያቄ ጠየቀኝ። አንዷ ጎረቤቴ ናት። አንዷ ከአማኑኤል ደውላ ነው። አንዱን ጭራሽ አላውቀውም፣ ባጃጅ ውስጥ አብረን ተሳፍረን ስናወራ ነው ያነሳው። «ያ የእማሆይ ግቢ እሳቸው ከለቀቁ በኋላ እንዴት ነው? ልጅ ይገባበታል?» ለእያንዳንዱ ከሥር ከመሠረቱ ማስረዳት ደከመኝ። እዚህ ዘርግፌው ልገላገል።

የድርጅቱን ስም አልጠራም። ጥሩ ጥሩውን ብቻ ብጽፍ ኖሮ በጠራሁት፣ ግን ቅሬታዬም ስላለ ይቅር። ደብረ ማርቆስ ነው፣ ከቤተ ክርስቲያን አጥር ጀርባ ያለ ግቢ ነው፣ ይብቃችሁ።

ውጤቱን መጀመሪያ ልንገራችሁ፤ ከአምስት ሦስት ተኩል። ከሁለት ዓመት በፊት ብትጠይቁኝ ዓይኔን ሳላሽ አምስት እል ነበር። አምና ክረምት ላይ ብትጠይቁኝ ደግሞ ቁጥርም አልሰጥ፣ ስድብ ነበር የምጽፈው። ሦስት ተኩሉ የመጣው ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው።

ገለልተኛ አይደለሁም፣ ይህንንም እወቁት። የሟች እህቴ ልጅ አራት ዓመት ተመላልሶበታል። እኔም አንድ ዓመት የወላጅ ኮሚቴ ውስጥ ቃለ ጉባኤ ስጽፍ ነበር። ስለዚህ እንደ ዘመድም እንደ ደንበኛም ነው የማወራው።

ለማያውቁት፣ ሥራው ይኼ ነው። ልጆች ከትምህርት ቤት መልስ ይገባሉ፣ የቤት ሥራ ይታገዛሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ መዝሙር፣ ጨዋታና ሻይ አለ። ለተቸገረ ደብተርና ዩኒፎርም ይሰጣል። ልጅ ሲያስቸግር፣ ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ አባት ጠጥቶ ሲያስቸግር ቤት ድረስ የሚሄድ ሰው አለ። ሴት ልጅ ገና ሳይደርስላት ሽማግሌ ሲላክባትም ይሄዳሉ። ሕጉ 18 ዓመት ይላል፣ እኛ ዘንድ ገጠር ወጣ ስትሉ ግን ሕጉን ማን አይቶት። ሁሉም ነገር በነፃ ነው። ከቤተ ክርስቲያን ጋር የተያያዘ ይሁን እንጂ ራሱን ችሎ የተመዘገበ፣ ቦርድ ያለው ድርጅት ነው። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም፤ «የሰበካ ጉባኤው ነው» ይላል። አይደለም።

የመሠረቱት እማሆይ ናቸው። ከመመንኮሳቸው በፊት ነርስ ነበሩ። ግቢውን ሲጀምሩት አንድ የቆርቆሮ አዳራሽና ሁለት አግዳሚ ነበር ያላቸው፤ ልጆቹ ጉልበታቸው ላይ አስደግፈው ነበር የሚጽፉት። እሳቸው ሥራ አስኪያጅም፣ አማካሪም፣ አስታራቂም፣ አንዳንዴ ሻይ አፍዪም ነበሩ። በጣም ጥሩ ነበር። ችግሩም እሱ ነበር፤ ግቢው እሳቸው፣ እሳቸው ግቢው።

ከዚያ 2016 መጣ። ኢንተርኔት የለም፣ መንገድ ዛሬ ተከፈተ ነገ ተዘጋ ነው፣ ትምህርት ቤት አንድ ሳምንት ሰምሮ አንድ ሳምንት ይዘጋል። ከውጭ ገንዘብ የሚልከው ወገን ሪፖርት በወቅቱ ካልደረሰው ቀጣዩን አይለቅም፤ ሪፖርቱ ደግሞ በኢሜይል ነው የሚሄደው። እማሆይ ወረቀቱን ወደ አዲስ አበባ በሚሄድ ሰው እጅ ሲልኩ አይቻለሁ፣ በፌስታል ጠቅልለው። በዚያው መሀል ደም ግፊታቸው ተነሳ፣ አንድ እግራቸውም አልታዘዝ አላቸው። ዕረፍት ያስፈልገኛል አሉ። መብታቸው ነው።

እዚህ ላይ ነው የመጀመሪያው ቅሬታዬ። ቦርዱ ለሁለት ወር ያህል ለወላጅ ትንፍሽ አላለም። እኛ የሰማነው ቡና ላይ ነው። «ሊዘጋ ነው አሉ»፣ «ግቢውን ለባለሀብት ሊሰጡት ነው አሉ»፣ «ፈረንጆቹ ጥለው ወጡ አሉ»። ሁለት እናቶች ልጆቻቸውን አስወጡ። ምን ነበረበት ቅዳሜ ሻይ ላይ ቆሞ «እማሆይ ሊያርፉ ነው፣ ሰው እየፈለግን ነው» ማለት? የጽዋ ማኅበር እንኳ ተረካቢውን እዚያው ቁጭ ባለበት ያውቃል። ጽዋው ሲነሳ የማን ቤት እንደሚገባ ሕፃኑም ያውቃል፣ የሚቀጥለው ወር ጠላ ጠማቂዋም ሐሳቧን ትጀምራለች። እኛ አገር ርክክብ የማናውቀው ነገር አይደለም።

ደግሞ ሰው መሥራች ሲለቅ ድርጅት ይሞታል ብሎ የሚያስበው በከንቱ አይደለም፣ ብዙ ስለሚሞት ነው። የማይሞትም አለ። ክብርት ዶክተር አበበች ጎበናን አስቡ። በ1972 ዓ.ም. ለግሸን ማርያም ሄደው ከረሃቡ መሀል ሁለት ልጆች ይዘው ተመለሱ፣ ከዚያ ስንቱን አሳደጉ፤ ሰኔ 2013 ላይ ሲያርፉ ድርጅቱ አብሯቸው አልተቀበረም። እኛም ይህን የሚነግረን ሰው ብናገኝ ኖሮ ያን ያህል ባልተሸበርን።

አዲሱ ሥራ አስኪያጅ የመጣው ከባሕር ዳር ነው። ወጣት ነው፣ ሶሻል ወርክ የተማረ። ቄስ አይደለም፣ ዲያቆንም አይደለም። ጂንስ ይለብሳል። የመጀመሪያው ቀን አንዲት አሮጊት ጠጋ ብለው «ልጄ፣ ማተብ አለህ?» አሉት። ከሸሚዙ ሥር ጎትቶ አሳያቸው። ሳቅን። ግን ጥያቄው የሁላችንም ነበር፤ እማሆይ የቆሙበት ቦታ ላይ ጂንስ የለበሰ ሰው ሲቆም ግቢው የቤተ ክርስቲያን ልጅነቱን ይተዋል ወይ ነው ነገሩ። እስካሁን አልተወም። ጠዋት ጸሎቱን አንድ ዲያቆን ይመራል፣ እሱ ከኋላ ከልጆቹ ጋር ይቆማል። ጾሙም መዝሙሩም እንዳለ ነው።

አንድ የተለወጠ ነገር አለ፣ ለመልካም። ሁለት የሙስሊም ቤተሰብ ልጆች አሉ። በእማሆይ ጊዜ ጸሎት ሲሆን ውጭ እንዲጫወቱ ይተዉአቸው ነበር፤ በእሳቸው ደግነት ማለት ነው። አሁን በመመሪያ ተጽፏል። ማንም ልጅ በእምነቱ ምክንያት ከአገልግሎት አይቀነስም፣ ጸሎት ላይ እንዲገባ አይገደድም ይላል፤ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ደግነት ሰውየው ሲሄድ አብሮ ሊሄድ ይችላል፤ ወረቀቱ ይቀራል። የልጆቹ እናት ለኔ እንደነገረችኝ ከሆነ ያን ወረቀት በስልኳ ፎቶ አንስታ ይዛዋለች።

ስለ አሸኛኘቱ ትንሽ ላውራ። በሰኔ ድግስ ተደረገ። ድፎ ዳቦ ተቆረሰ፣ እማሆይ ጋቢ ለበሱ፣ ንግግር ተደረገ፣ ሰው አለቀሰ፣ እኔም አለቀስኩ። የርክክብ ሰነድ ተፈረመ፤ ቃለ ጉባኤ ጸሐፊ ስለነበርኩ አይቼዋለሁ። 43 ወንበር። ሦስት የልብስ ስፌት መኪና፣ አንዱ የማይሠራ። ማህተም። የመጋዘን ቁልፍ። አንድ ብረት ድስት ትልቅ፣ አንድ ብረት ድስት መካከለኛ። በቃ። አንድም ቤተሰብ እዚያ ሰነድ ላይ የለም። ከዚያ በፊት ደግሞ ከአዲስ አበባ አንድ አሠልጣኝ መጥቶ ሁለት ቀን ስለ አመራር ሽግግር አሠልጥኖ ነበር፤ ባለቀለም ወረቀት ግድግዳ ላይ አስለጠፈን፣ «ራዕያችሁን ጻፉ» አለን። እማሆይ አንድ ቢጫ ወረቀት ወስደው መነጽራቸውን ጠረጉበት። የሥልጠናው ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ አልጠየቅኩም፣ ብጠይቅ ደሜ ይፈላ ነበር።

የኔ ጉዳይ የመጣው ሐምሌ ላይ ነው።

ልጁ እናቱ ከሞተች ጀምሮ ሌሊት ይጮህ ነበር። ላብ አስምጦት ይነሳል፣ የት እንዳለ አያውቅም። እማሆይ ለዚህ ነበር ያስገቡልኝ፣ በሳምንት አንድ ቀን ከአማካሪ ጋር ይቀመጥ ነበር። ይህን ከእኔና ከእሳቸው በቀር የሚያውቅ የለም። በዚያን ጊዜ ስልክ አልነበረኝም። ስንመዘገብ ቅጹ ላይ የሞላሁት የአጎቱን ቁጥር ነው፣ በአባቱ በኩል፣ አንድ ግቢ ነው የምንኖረው። እማሆይ ያውቁ ስለነበር አንድ ቀን ደውለው አያውቁም። ጉዳይ ካለ ሰው ይልካሉ፣ ካልሆነም ራሳቸው በከዘራ ዱብ ዱብ እያሉ ይመጣሉ።

አዲስ የተቀጠረችው አማካሪ ይህን በምን ታውቃለች? ቅጹን አየች፣ ደወለች። «የልጁ የሥነ ልቦና ምክር ቀጠሮ ወደ ማክሰኞ ተዛውሯል፣ ይንገሩልን» አለች። በትህትና ነው የነገረችው፣ ይህን አልክድም።

ማታ ራት ላይ ነበርን። አጎቱ ሁሉም ባለበት «አንተ፣ ለካ እብድ ቤት ነው የምትመላለሰው?» አለው። ልጁ 12 ዓመቱ ነው። የጠቀለለውን እንጀራ ትሪው ላይ መልሶ አስቀመጠው። ዳር ላይ፣ ማንም እንዳይበላበት ይመስል ወደ ጥግ ገፋ አደረገው። ተነስቶ እጁን ታጠበና ገብቶ ተኛ። ሦስት ሳምንት ግቢውን አልረገጠም።

እኔ በማግስቱ ሄድኩ። ለመነጋገር አልነበረም የሄድኩት፣ ለመጣላት ነው። ያልተናገርኩት ነገር የለም። አማካሪዋ አለቀሰች። ሥራ አስኪያጁ «ሲስተሙ ላይ…» ብሎ ሊጀምር ሲል «የምን ሲስተም! ልጄን አዋረዳችሁት» አልኩት። ዝም አለ። አልተከራከረኝም። ወጣሁ።

በሦስተኛው ቀን ሥራ አስኪያጁ ቤቴ መጣ። ዝናብ ነበር፣ የኛ ሰፈር መንገድ ክረምት ላይ ባጃጅ አይገባበትም። ቦቲ አድርጎ በእግሩ ነው የመጣው፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። «ጥፋቱ የኛ ነው» አለኝ። ይህን ቃል ከድርጅት አፍ ሰምቼ አላውቅም፤ ሌላው ቢሆን «አለመግባባት ተፈጥሮ» ምናምን ነው የሚል። ከዚያ አጎቱ ወጣ። አሁን ሊያስተምረው ነው ብዬ ፈራሁ። ስለ ልጁ አንድ ቃል አላነሳም። «አያ፣ አናጢ ነዎት አሉኝ፤ አግዳሚዎቻችን ተሰባብረዋል፣ ቅዳሜ ብቅ ቢሉ?» አለው። አጎቱ ሄደ። ልጁንም ይዞት ሄደ፣ መዶሻ የሚያቀብለው ሰው ስለፈለገ። ይቅርታ አልጠየቀም፣ የአናጢነት ዋጋውንም ሳንቲም ሳይቀንስ ተቀበለ። ግን እብድ ቤት የሚለው ቃል ከዚያ ወዲህ ከአፉ አልወጣም።

አሁን የደብተሩ ነገር። እማሆይ ሰማያዊ ጠንካራ ልባስ ያለው ደብተር ነበራቸው፤ ለየቤተሰቡ አንድ ገጽ። ከሳቸው በቀር ማንም አያነበውም፤ ግማሹ ምልክት ነው፣ ግማሹ ምኅጻረ ቃል። እኔ የነርስ ጽሑፍ ስለሆነ ነበር የሚመስለኝ። ኋላ ሲያወሩ እንደሰማሁት ምክንያቱ ሌላ ነው። በድሮው የበጎ አድራጎት ድርጅቶች አዋጅ፣ በ621/2001፣ ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ አገር በቀል ድርጅት በሕፃናትና በሴቶች መብት ላይ መሥራት አይፈቀድለትም ነበር። እሳቸው ያለ ዕድሜዋ የምትዳር ልጅ ለማስጣል ሲሮጡ «ይህ መብት ነው ወይስ ድጋፍ?» የሚል ጥያቄ እንዳይመጣባቸው በወረቀት ላይ ጎልቶ እንዳይታይ ይጠነቀቁ ነበር። አዋጁ በ2011 በአዲሱ አዋጅ፣ በ1113፣ ተሽሮ ያ ገደብ ቀረ። የሳቸው እጅ ግን እንደለመደ ቀጠለ።

ከኔ ጠብ በኋላ ሥራ አስኪያጁ ደብተሩን አብረን እናንብበው አላቸው። እምቢ አሉ። «የሰው ገመና ነው፣ ማሽን ውስጥ አይገባም»። እውነታቸውን ነው! እኔም ያን ጊዜ ብጠየቅ እምቢ ነበር የምለው። በመጨረሻ የተስማሙበት ነገር እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል። እማሆይ ምክንያቱን አይናገሩም፤ ሠራተኛው ማድረግ ያለበትን ብቻ ይናገራሉ፣ እሱ ይጽፋል። ማን ለምን እንደተጣላ አይጻፍም፣ «አባትና እናት በተለያየ ቀን ይጠሩ» ተብሎ ይጻፋል። ደብተሩ ራሱ ሳጥን ውስጥ ተቆልፏል፣ ቁልፉ ሁለት ነው፣ አንዱ እሳቸው ጋ ነው። ክረምቱን ሙሉ ከሰዓት ከሰዓት እሳቸው ቤት ቁጭ ብለው ይህን ሠሩ። የኔን አሳየኝ። «ስልክ አይደወልም። ይኬዳል።» ይላል። ሌላ ምንም የለም።

ታዲያ ይህ ሥራ ከድግሱ በፊት ቢሠራ ምን ነበረበት? ለአንድ ተኩሉ ኮከብ መቀነስ ዋናው ምክንያት ይኼ ነው። ወንበር ሲቆጥሩ የዋሉ የቦርድ አባላት አንድ ከሰዓት ለደብተሩ ቢሰጡ ልጄ ራቱን በልቶ ያድር ነበር።

ስለ ገንዘብ ደግሞ። በመስከረም ወላጅ ተሰበሰበ። ሰውየው ሰሌዳ ላይ ጻፈው፤ ይህን ያህል ይገባል፣ ይህን ያህል ቀርቷል፣ ዘጠኝ ሠራተኛ ነበርን ስድስት ሆነናል። አዳራሹ አጉረመረመ። እማሆይ በዘመናቸው የገንዘብ ነገር ለኛ ነግረውን አያውቁም፤ ከሰው ደብቀው ለብቻቸው ነበር የሚጨነቁት። ከኋላ አንድ ሽማግሌ «ጉዳችንን አደባባይ አወጣው» አሉ። ቀጥሎ ሕጉ የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ያዛል ብሎ ሲያስረዳ አንዲት እናት ተነስታ «ያንተ ደመወዝ ስንት ነው ታዲያ?» አለችው። ጸጥ አለ። እኔ እስክሪብቶዬን ይዤ ቀረሁ፣ ቃለ ጉባኤ ላይ ይጻፍ አይጻፍ ግራ ገባኝ። ነገራት። ቁጥሩን እዚህ አልጽፍም፣ ግን ትልቅ አይደለም፤ ባጃጅ ያለው የሰፈሬ ልጅ ይበልጠዋል። ሴትዮዋ «እንደሱ ከሆነማ ተቀመጥ» አለችው። ሰው በሳቅ ፈረሰ።

ከዚያ ስብሰባ በኋላ አዋጥተን ጤፍ መስጠት ጀመርን፣ የቻለ በየወሩ አንድ ጣሳ። ሚያዝያ 30 ለማርቆስ ንግሥ ደግሞ ትልልቆቹ ልጆች የሰፉትን ይዘው በር ላይ ጠረጴዛ ዘረጉ። ጥሩ ሸጡ። ይህ ግን የቀረውን ገንዘብ አይሞላም፣ አትታለሉ። የቅዳሜው ሻይ አለ፣ ዳቦው ግን ቀርቷል። የቤት ሥራ እገዛው በሳምንት ከአምስት ቀን ወደ ሦስት ወርዷል። የአንደኛና የሁለተኛ ክፍል ልጆች አንድ ክፍል ውስጥ ናቸው፣ ጫጫታው ራስ ያዞራል። የማትሪክ ተፈታኞች እገዛ ጭራሽ ቆሟል፤ ለዚያ ብላችሁ ከሆነ አትልፉ።

እማሆይስ? ረቡዕ ረቡዕ ይመጣሉ፣ ለትልልቆቹ ሴቶች ስፌት ያስተምራሉ። የሰፈሩ እናት ግን አሁንም ጉዳይዋን ይዛ ቤታቸው ነው የምትሄደው። እሳቸውም አንዳንዴ «ወደ እሱ ሂጂ» ይላሉ፣ አንዳንዴ ደግሞ ራሳቸው ይፈርዳሉ፤ ከዚያ ግቢው ውስጥ ሁለት ውሳኔ ይሆናል። በጥር ለአንዲት ልጅ የዩኒፎርም ጉዳይ እንዲህ ሆኖ ልጅቷ ሁለት ዩኒፎርም ወሰደች፣ ሌላዋ ባዶ እጇን ቀረች። ይህ ገና አልተፈታም። ሰውየው ሊናገራቸው ይፈራል፣ እኛም እንፈራለን። የከተማችን ስም ከመንቆረር ወደ ደብረ ማርቆስ ሲለወጥ የሽማግሌዎች አፍ እስኪለምድ ስንት ጊዜ ፈጅቶ ይሆን እያልኩ አስባለሁ።

እንግዲህ ይገባበታል ወይ ላላችሁኝ፤ ትንሽ ልጅ ከሆነ፣ ወይ ቤት ውስጥ የተጨነቀ ልጅ ካለ፣ አዎ። የኔው ልጅ ተመልሷል፣ ሌሊቱም ቀለል ብሎለታል። ለትምህርት እገዛ ብቻ ከሆነ ሌላም አማራጭ እዩ።

ምዝገባ ጳጉሜን ላይ ነው። የልደት ካርድ፣ ከሌለ የቀበሌ ደብዳቤ ያዙ። ቅጹ ላይ ስልክ ስትሞሉ አሁን ከጎኑ «ስልኩ የማን ነው? መደወል ይቻላል?» የሚል አዲስ ሳጥን አለ። ዘላችሁ አትለፉት። በጠዋት ሂዱ፣ ከ43ቱ ወንበር ደህናው ግማሹ ነው።